ቶሪየም ኦክሲሰልፋይድ፦ አምስተኛው ሰልፈር የት ገባ?

ኬሚስትሪ የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ስለ ቶሪየም ኦክሲሰልፋይድ (የቶሪየም፣ የኦክስጅንና የሰልፈር ውህድ) ሴሚናር ላቀርብ ሦስት ቀን ቀርቶኛል።

የኤሌክትሪክ ቻርጁ ሂሳብ አላስቸገረኝም፤ ቶሪየም +4፣ ኦክስጅንና ሰልፈር እያንዳንዳቸው -2፣ ስለዚህ አንድ ለአንድ ለአንድ። ያስቸገረኝ ክሪስታሉ፣ ማለትም የአቶሞቹ አደራደር ነው። እያንዳንዱ ቶሪየም በ4 ኦክስጅንና በ5 ሰልፈር ተከቧል። ታዲያ ቀመሩ እንዴት እኩል ወጣ?

ትናንት ማታ ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ብርሃን ድንቹን ቶሪየም፣ ሽንብራውን ኦክስጅን፣ ቀይ ሽንኩርቱን ሰልፈር አድርጌ በስቴኪኒ ሰካካሁት። (እናቴ ለወጥ ያስቀመጠችው መሆኑን የነገረችኝ ዛሬ ጠዋት ነው።) ኦክስጅኑ ተሳካ፤ አንዱ ሽንብራ 4 ድንች ስለሚነካ ለየድንቹ አንድ ይደርሰዋል። ሰልፈሩ ግን እምቢ አለ። ድንቹ 4 ሽንኩርት ብቻ አገኘ፤ አምስተኛው ስቴኪኒ ጫፉ ባዶ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል።

የሠራሁት አንድ ንብርብር ብቻ ነው። አምስተኛው ሰልፈር ከላይኛው ንብርብር ይመጣል? ከሆነ እያንዳንዱ ሰልፈርም 5 ቶሪየም ይነካና ሂሳቡ ይገጥማል። ዩራኒየም ኦክሲሰልፋይድም አሠራሩ ያው ስለሆነ፣ በዚሁ ሥዕል ሁለቱንም ባስረዳ ስህተት ይሆንብኛል? ሁለተኛ ንብርብር እንዳልሠራ ድንች አልቋል።