የሴስና 172 አውሮፕላን ሞተር ሙቀት ስንት ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው?

ጀማሪ አብራሪ፦
ሰላም ናችሁ? አሪዞና ውስጥ በሴስና 172 እየተማርኩ ነው፤ ሞተሩ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ላይኮሚንግ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ከፍታ ስንይዝ የሲሊንደር ራስ ሙቀቱ 420 ፋራናይት ደረሰ፣ የዘይቱ ደግሞ 220። የመለኪያው መርፌ አረንጓዴው (የተፈቀደው ክልል) ውስጥ ነው፣ ግን ደስ አላለኝም። ልስጋ?

መካኒኩ፦
ወንድሜ፣ ላይኮሚንግ ለሲሊንደር ራስ ያስቀመጠው ጣሪያ 500 ነው። ይሄ ግን ጣሪያ እንጂ መዋያ አይደለም! አሉሚኒየም ሲግል ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለሞተሩ ዕድሜ ስትል ጉዞ ላይ ከ400 በታች ያዘው። ሽቅብ ስትወጣ 420 ካየህ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርግና ፍጥነት ጨምር፤ ሞተሩን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅም መመሪያው ከሚለው በላይ አትቀንስ። የዘይቱ 220 ችግር የለውም፣ ገደቡ 245 ነው።

ሰማይ ወዳድ፦
ዘይት ሲቀዘቅዝም ጥሩ እንዳይመስልህ። 180 አካባቢ ካልደረሰ ውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት በደንብ አይተንም፣ ከዚያ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ዝገት ይበላዋል። ሳይበሩ መሬት ላይ ትንሽ አሙቆ ማጥፋት የሚባለውን ነገር እኔ በጣም ነው የምጠላው።

ጀማሪ አብራሪ፦
ተባረኩ። መለኪያው የአንዱን ሲሊንደር ብቻ ነው እንዴ የሚያሳየው?

መካኒኩ፦
እንደዚያ የሆኑ አሉ፣ ያኔ ሌላው ሲሊንደር ከሱ በላይ ግሎ ላታየው ትችላለህ። አራቱንም የሚያሳይ ካለህ አንዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ መውጣቱን እይ። ከወጣ ስታርፍ ለጥገና ክፍሉ ንገር፤ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራው ጎማ ተቀዶ ወይም ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል።