ጓደኛዬን ሳላጣ ጨዋታውን እንዴት ልምራ?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አምስት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ አብረን ታሪክ የምንፈጥርበት፣ የሚሳካውን በዳይስ የምንለይበት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። የምንከተለው የ2014ቱን ደንብ ነው። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ።

ጠቡ የመጣው ከአንድ ዳይስ ነው። አንዱ ጓደኛችን በታሪኩ ውስጥ ያለው ንጉሥ ዙፋኑን እንዲለቅለት ሊያሳምነው ሞከረ። ባለ 20 ጎኑን ዳይስ ሲጥል 20 ወጣለት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔ ግን "ንጉሡ ቀልድ መስሎት ሳቀ" አልኩ። በደንቡ 20 በራሱ የሚሠራው ለጥቃት ነው፤ ለማሳመን አይደለም። ልክ ነበርኩ። ግን ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ደንቡን ያነበብኩለትም ሰው ፊት ነው፤ ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

በቀጣዩ ጊዜ ገጸ ባሕርይው በውጊያ ወደቀ። የወደቀው መትረፍ አለመትረፉን የሚወስነውን የሞት ሽረት ዳይስ ሦስቴ ጣለ፣ ሦስቴም ከ10 በታች ወጣበት። ሞተ። እኔ እንደ መሪ ዳይሴን የምጥለው ሌሎቹ እንዳያዩ ከመከለያ ጀርባ ነበር፤ "አንተ ከመከለያው ጀርባ የምትጥለውን ማን ያያል?" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ሌሎቹ "ተወው፣ ሌላ ሰው እንጨምር" ይላሉ። እኔ አልቻልኩም። የአሥር ዓመት ጓደኛዬ ነው።

ከእንግዲህ ዳይሴን ሁሉም እያየ ልጥል ወስኛለሁ። ገና ሳንጀምር ስለ ደንቡና ስለ ሞት ቁጭ ብለን አለመነጋገራችንም የእኔ ጥፋት ነው። የጨነቀኝ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ብቻውን ቡና ጋብዤ ይቅርታ ልጠይቀው ወይስ ሁላችንም ባለንበት እናውራ? ገጸ ባሕርይውን ባስነሳለትስ ለሌሎቹ አድልዎ አይመስልም? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ቅዳሜ ደርሷል።