አንጋፋ ተዋንያን ለፊርማቸው ማስከፈላቸው ተገቢ ነውን?

መነሻ ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሆቴሎችና የስብሰባ ማዕከላት በሚካሄዱ የፊርማና የፊልም መታሰቢያ ዕቃዎች ትርዒቶች ላይ አንጋፋ የሆሊውድ ተዋንያን ለሚፈርሙት ፎቶግራፍና ከአድናቂ ጋር ለሚነሡት ምስል ገንዘብ ይቀበላሉ። ይህ ተገቢ ነው ወይስ የአድናቂን ፍቅር መሸጥ?

ተከራካሪ ሀ፦
በእኔ እምነት ተገቢ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማከብረውን አንድ አረጋዊ ተዋናይ ለማግኘት ከሁለት ሰዓት በላይ ተሰልፌ ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ግን አስቀድሞ ያነጋገረኝ እርሱ ሳይሆን ገንዘብ ተቀባዩ ረዳት ነበር። የትኛውን ፎቶግራፍ እንደምመርጥና ስሜ እንዲጻፍበት እፈልግ እንደሆነ ጠይቆ ሒሳቡን ከተቀበለኝ በኋላ፣ ለተዋናዩ ልነግረው ለዓመታት ያሰብኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ያሳዘነኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ከሒሳብ በኋላ የሚቀርብ ምስጋና ምስጋናነቱን ያጣል፤ እርሱም እኔን ከደንበኛ ለይቶ የሚያይበት ፋታ አልነበረውም።

ተከራካሪ ለ፦
ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ተዋንያኑ ወደዚያ ጠረጴዛ የመጡበትን መንገድ ሳናይ መፍረድ የለብንም። የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 በሮናልድ ሬገን መሪነት የሥራ ማቆም አድማ ካደረገ በኋላ፣ ስቱዲዮዎቹ የሲኒማ ፊልሞች በቴሌቪዥን በታዩ ቁጥር ለተዋንያን ለመክፈል ተስማሙ። ስምምነቱ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ ለተሠሩት ብቻ ነበር፤ ስለ ቀደሙት ፊልሞች ለጡረታና ለሕክምና ፈንድ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ተሰጠና ጉዳዩ ተዘጋ። በ1950ዎቹ የሠራ ተዋናይ ፊልሙ በየሳምንቱ ሲታይ እያየ ለራሱ ምንም አይደርሰውም ነበር ማለት ነው። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማም ቢሆን፣ እስከ 1974ቱ ውል ድረስ ክፍያው ከተወሰኑ ድጋሚ ስርጭቶች በኋላ ይቆም ነበር። ከ1966 እስከ 1968 ባትማንን የተጫወተው አዳም ዌስት ከዚያ በኋላ ሌላ ሚና ለማግኘት ተቸግሮ፣ በየዝግጅቱ እየተገኘ መተዳደሩ የታወቀ ነው። በ1939 በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም ላይ ሙንችኪን የተባሉ ትናንሽ ሰዎች ሆነው የተጫወቱት አጫጭር ተዋንያን በሳምንት 50 ዶላር ሲከፈላቸው፣ በፊልሙ ለታየችው ውሻ የተከፈለው 125 ዶላር እንደነበር ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች በእርጅናቸው ለፊርማቸው ቢያስከፍሉ፣ እኔ የማየው ዘግይቶ የደረሰ ደመወዝን ነው።

ተከራካሪ ሀ፦
ይህንን ታሪክ አላውቀውም ነበር፤ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በትርዒቶቹ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያስከፍሉት በጣም ዝነኞቹ፣ ማለትም ገንዘቡ ከሁሉም ይልቅ የማያስፈልጋቸው ናቸው። የዘገየ ደመወዝ የሚለው ክርክር ለእነርሱ ይሠራል?

ተከራካሪ ሐ፦
ፊርማ ሰብሳቢ ነኝና ከሌላ ወገን ልናገር። ፊርማ በነጻ ሲሰጥ ሰልፉን የሚሞሉት አድናቂዎች ብቻ አይደሉም፤ በጥቅል ፎቶግራፍ ይዘው እየመጡ አስፈርመው በማግስቱ የሚሸጡ ነጋዴዎችም አሉ። ክፍያው ለሀብታሙ ተዋናይ ባያስፈልገውም፣ ትርፉ ወደ ሦስተኛ ሰው እንዳይሄድ ይከላከላል። የሐሰተኛ ፊርማ ገበያውም ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ ሰፊ ምርመራ ከፍቶ የሐሰተኞችን መረብ በጣጥሷል፤ ካሊፎርኒያም ተዋናዩ ማርክ ሃሚል የደገፈውን፣ ሻጮች የእውነተኛነት ማረጋገጫ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ በ2016 አጽድቃለች። ማረጋገጫ ወረቀት ራሱ ሊጭበረበር ስለሚችል፣ እጁ ሲጽፍ በዓይን ከማየት የበለጠ ዋስትና አላገኘሁም።

ተከራካሪ መ፦
ሁላችሁም የተከራከራችሁት ስለ ከፋዩና ስለ ተከፋዩ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ተዋናዩን ያመጣው አዘጋጅ ነው። አዘጋጁ ለእንግዳው ገቢህ ከዚህ አያንስም የሚል ዋስትና አስቀድሞ ከሰጠ፣ ያንን ገንዘብ እስኪመልስ ድረስ ሰልፉ እንዲቆም አይፈልግም፤ ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ደክሞኛል ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። የሥዕላዊ መጻሕፍት ደራሲው ስታን ሊ ተዋናይ ባይሆንም ምሳሌ ይሆነናል። በ2018 ዕድሜው 95 ሳለ በአንድ ዝግጅት ላይ ሲፈርም አጠገቡ የቆመ ሰው የስሙን ፊደላት ሲነግረው የሚያሳይ ቪዲዮ ብዙዎችን አስደንግጧል፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር አረፈ። የፊርማው ሰዓት አስቀድሞ ተወስኖ ይታወቅ፤ እንግዳው በቃኝ ሲል ሰልፉ ይዘጋ፤ ገንዘባቸውን የከፈሉም ያለ ክርክር ይመለስላቸው። አቅም የሌለው አረጋዊ በቤቱ ፈርሞ በፖስታ የሚልክበት መንገድም አለ።

ተከራካሪ ሀ፦
በዚህ ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ያን ቀን ያየሁት ተዋናይም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ቅሬታ ነበር። ክፍያውን መቃወሜን ትቻለሁ። የማልተወው አንድ ነገር፣ ገንዘብ መቀበያው ከተዋናዩ ጠረጴዛ ርቆ በሌላ ስፍራ ይሁን የሚለውን ነው።

ተከራካሪ ለ፦
ሰዓቱ ሲያጥር ፊርማው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ያንን ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?

ተከራካሪ ሀ፦
ነኝ፤ ፊርማ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ግን እጅ ነሥቶ፣ አንድ ቃል ተናግሮ እንዲያልፍ ይፈቀድለት።