ክብደቴ ደህና ነው፤ ታምሜአለሁ ብል ማን ያምነኛል?

የሌሊት ወፍ፦
እንዲህ ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ። ቀን ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ። ማታ ሆዴ እስኪወጠር እበላለሁ፣ ከዚያ አስመልሳለሁ። ክብደቴ ስላልተለወጠ ማንም አልነቃብኝም። ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪሟ አፌን አይታ “ቶሎ ቶሎ ያስመልስሻል እንዴ?” አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። ዋሸኋት። ለማን ነው የሚነገረው?

አሮጌ ጃንጥላ፦
እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ቡሊሚያ ይመስላል፣ ከልክ በላይ በልቶ የማስመለስ ሕመም ማለት ነው፤ በመልክ አይታወቅም። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ጋ ሂጂ። ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያወርዳል፣ የልብ ምት ያዛባል። ስለዚህ የደም ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ጠይቂ። አፍሽ እምቢ ካለ እዚህ የጻፍሽውን አንብቢለት። እኔ በወረቀት ጽፌ ነው የሰጠሁት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጽሑፌን ራሴም ማንበብ አቃተኝ!

ከዚያ ለዚሁ ችግር የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና ጀመርኩ። ሲቢቲ ይሉታል፣ ብዙውን ጊዜ 20 ቀጠሮ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ምን መሰለሽ? በሰዓቱ መብላት። የማታውን የሚጠራው የቀኑ ረሃብ ነው። አላመንኩም ነበር፤ ተናድጄም ነበር። ቁርስ መብላት ከጀመርኩ በኋላ ግን ማታዎቹ ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ።

ሦስተኛው ወንበር፦
ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒትም ይታዘዛል፤ እሱን ሐኪም ይወስን። ራስሽን ከሳትሽ፣ የልብ ምትሽ ከተዛባ ወይም ደም ካስመለሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ደግሞ ካስመለስሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን አትቦርሺ፣ በውሃ ተጉመጥመጪ።

የሌሊት ወፍ፦
አሁን ለእህቴ ነገርኳት። አለቀሰች። ሰኞ አብራኝ ትሄዳለች።