ከውቅያኖስ ዳር ዓለት ላይ ዓሣ ለማጥመድ ምን ያስፈልጋል? (ሲድኒ)

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ወገኖች። በመጪው ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ማሩብራ አካባቢ ከዓለት ላይ ዓሣ ለማጥመድ ቀጠሮ ይዘናል። ሐዋሳ ተወልጄ ስላደግሁ መንጠቆና ክር ለእኔ እንግዳ አይደሉም፤ ውቅያኖስ ዳር ግን አጥምጄ አላውቅም። ጓደኞቼ የማያንሸራትት ጫማ ካደረግሁ እንደሚበቃኝ ይነግሩኛል። በእርግጥ ይበቃል? ፈቃድስ ማውጣት አለብኝ?

መልስ፣ ከደቡብ ሲድኒ፦
ወንድሜ፣ ጫማው አስፈላጊ ቢሆንም አይበቃም። ሐይቅና ውቅያኖስ የሚለያዩበትን ነገር አስቀድመህ ብትረዳ መልካም ነው። የሐዋሳን ውኃ የሚያናውጠው እዚያው የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ነፋሱ ሲቆም ውኃውም ይረጋል። እዚህ ግን ከዓለቱ ጋር የሚላተመው ሞገድ ከባሕሩ ዳርቻ እጅግ ርቆ በተነሣ ማዕበል የተፈጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ ፀሐይ ወጥታ ቅጠል እንኳ በማይንቀሳቀስበት ማለዳ ሰው ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። ሞገዶቹ ደግሞ በቡድን በቡድን ስለሚመጡ፣ በትልልቆቹ ቡድኖች መካከል ያለው ጸጥታ ያታልላል። ስለዚህ ዕቃችሁን ሳትፈቱ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆናችሁ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ባሕሩን ተመልከቱ። ውኃው ልትወጡበት ያሰባችሁትን ዓለት አንድ ጊዜ እንኳ ካረጠበው፣ ቦታው ለመቆሚያ አይሆንም። ጥቁር አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) የለበሰ ድንጋይም ውኃ አዘውትሮ እንደሚደርስበት ይመሰክራል፤ ባለ ጥርስ ጫማም ቢሆን እዚያ ላይ አስተማማኝ አይደለም። በትንበያው ላይ የሞገዱን ከፍታ በሜትር ብቻ ሳይሆን በሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድም ተመልከት፤ ሰከንዱ በረዘመ መጠን የሞገዱ ጉልበት ይበረታል።

መልስ፣ ከምዕራብ ሲድኒ፦
ሲድኒ በምትገኝበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት አዋቂ ሰው ለመዝናኛ ለማጥመድ ክፍያ ፈጽሞ ደረሰኙን መያዝ አለበት። ማሩብራ የሚገኝበት የራንድዊክ ምክር ቤት ክልል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የዓለት ላይ ዓሣ ማጥመድ ደኅንነት ሕግ መሠረት ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) መልበስ ግዴታ የሆነበት ነው፤ ያልለበሰ ይቀጣል። ሕጉ ባይኖር እንኳ እኔ ያለ እርሱ ዓለቱ ላይ አልወጣም። ብሪም የሚባለው ዓሣ ከ25 ሴንቲ ሜትር፣ ቴይለር የሚባለው ከ30 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ውኃው ይመለሳል። የግዛቱ መለያ ዓሣ የሆነው ሰማያዊው ግሮፐር ከተያዘም መለቀቅ አለበት።

መልስ፣ ከአንዲት እህት፦
ወንድሜ፣ እናንተ ብዙ ስለሆናችሁ አንዳችሁ ዘንጉን አስቀምጦ በየተራ ባሕሩን ብቻ ይጠብቅ። የሚያጠምድ ሰው ዓይኑ ክሩና መንጠቆው ላይ ስለሚሆን የሚመጣውን ሞገድ የማያይበት ጊዜ ብዙ ነው። አደጋ ከደረሰ ማንም ሰው ተከትሎ እንዳይዘል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሊያድን ዘሎ ሁለተኛ ሟች የሚሆን ወዳጅ አለና። በአንዳንድ ዓለቶች ላይ በምሰሶ ላይ የተሰቀለ የነፍስ አድን ቀለበት ስለሚገኝ፣ ስትደርሱ የት እንዳለ እዩ። እርሱን ወይም የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ወርውሩና ወዲያውኑ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 000 ደውሉ። የወደቀው ሰው ደግሞ ዓለቱን ለመጨበጥ ከመታገል ይልቅ፣ ሞገዱ ከድንጋዩ ጋር እንዳያላትመው ከዓለቱ ወደ ባሕሩ ርቆ ተንሳፍፎ እርዳታ ይጠብቅ።

በእኔ ግምት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሩብራን ባትመርጡ ይሻላል። ቦታኒ ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ከሞገድ በተጠለለ ዳርቻ ብትጀምሩ፣ ሙሉ ቀን ተጨዋውታችሁ ታጠምዳላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ባሕሩ ከፍ ብሎ ካገኛችሁትም፣ ጓደኞችህ ቅር ቢላቸው እንኳ አንተ አትውረድ።