23 ፕሮግራመሮች ነን፤ የሙያ ማኅበር ያስፈልገናል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሶፍትዌር የምንሠራ 23 ልጆች ነን። በየ15 ቀኑ ቅዳሜ እየተገናኘን ኮድ እንተያያለን፣ ጀማሪዎችን እናስተምራለን። ያለን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው።

በወር 100 ብር እያዋጣን በአንድ ጓደኛችን አካውንት እናስቀምጥ ነበር። እሱ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ብሩን እስከ ሳንቲሟ መልሷል፤ ታማኝ ልጅ ነው። በቡድኑ ስም አካውንት እንክፈት ስንል ግን ባንኩ የምዝገባ ወረቀት ጠየቀን። አዳራሽ ስንጠይቅም «እናንተ እነማን ናችሁ?» ተባልን።

እንደ እድር መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን፤ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ መረጥን። እርስ በርሳችን ተግባባንበት፤ ውጭ ግን የተቀበለው የለም።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አነበብኩ። ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ። ጠቅላላ ጉባኤና ዓመታዊ ሪፖርት ግን ግድ ነው። አብዛኞቻችን ተቀጣሪዎች ነን፤ ይህን ሥራ ማን ይሸከመዋል? ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ዲግሪ ሳይኖራቸው ከስልካቸው ተምረው ከእኛ የተሻሉ ልጆች አሉን። «የሙያ ማኅበር» ሲባል ነገ የትምህርት ማስረጃ መጠየቅ ይመጣል፤ እነሱ ከተገፉ ቡድኑ ነፍሱ ወጣች ማለት ነው።

በትንሽ ከተማ ማኅበር መሥርታችሁ የምታውቁ፣ እኛን በሚያህል ቡድን ብትሆኑ አሁኑኑ ትመዘገባላችሁ ወይስ በደንባችሁ ብቻ ትቀጥላላችሁ?