ያስቸገረን ልጅ ብቻውን መዝጋት ይፈቀድ?

ጥያቄውን ያቀረበው፦ በመንግሥት ማቆያ ያለ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲያስቸግር፣ ለቅጣት ብሎ ብቻውን መዝጋት ተገቢ ነው? እኔ በጭራሽ ባይ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ ነጻነታቸውን ያጡ ልጆችን ለመጠበቅ የወጡት የሃቫና ደንቦች በቁጥር 67 ይከለክሉታል። ጨለማ ክፍል፣ ዱላ፣ ምግብ መቀነስ፣ ቤተሰብ እንዳያገኝ ማገድ፣ ሁሉም እዚያው ተከልክለዋል።

የቀድሞ ጠባቂ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። የሌሊት ተረኛ ሆነህ ሁለት ልጆች በደም ሲለወሱ ብታይ፣ አንዱን ነጥለህ ከመዝጋት ሌላ ምን ታደርጋለህ? የተደበደበውስ ልጅ መብት የለውም?

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ ጠብ ማብረድ ሌላ፣ መቅጣት ሌላ። ልጁ ሲረጋጋ በሩ ይከፈት ነው የምንለው። ማታ የተዘጋው በር በሦስተኛው ቀንም ካልተከፈተ ግን ቂም መወጣት ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ መብት መብት እያልን ልጆቹን እናበላሻለን። ማቆያው እንደ ወላጅ ነው። ወላጅ ልጁን ሲቀጣ ዳኛ ያስፈቅዳል እንዴ?

ጠበቃዋ፦ ይኸው «እንደ ወላጅ» የሚባል ነገር ነው ጄራልድ ጎልትን ጉድ የሠራው። በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ በ15 ዓመቱ፣ ለጎረቤት ሴት ደውለህ ጸያፍ ነገር ተናግረሃል ተባለ። ጠበቃ አልነበረውም። ከሳሿም ችሎት አልቀረበችም። እስከ 21 ዓመቱ ሊያቆዩት ወደሚችሉበት ማረሚያ ተላከ። አዋቂ ቢሆን እስራቱ ቢበዛ ሁለት ወር ነበር! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 እ.ኤ.አ. ለልጁ ፈረደለት። «ለእሱ ብለን ነው» ማለት ብቻውን ለማንም ልጅ ዋስትና አይሆንም።

እናት፦ ልጄ ተይዞ በነበረ ጊዜ «ቅጣት ላይ ነው» ብለው ከበር መለሱኝ። የአቤቱታ ሳጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቁልፉ ግን አቤት የምልበት ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነው። ማን ደፍሮ ይጽፋል?

ጥያቄውን ያቀረበው፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር ተናገርሽው። ደንቦቹ እኮ ልጁ አቤቱታውን ማንም ሳይነካካበት ለበላይ አካል ወይም ለፍርድ ቤት መላክ ይችላል ይላሉ። መብቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ማንበብ ካልቻለም በቃል። ተቆጣጣሪዎችም ከተቋሙ ነጻ ሆነው ሳያሳውቁ ድንገት መምጣት አለባቸው። ይህ ከሌለ ቁጥር 67ን ማን ያስከብረዋል?

የቀድሞ ጠባቂ፦ ተቆጣጣሪው ይምጣ፣ አልቃወምም። ግን በሌሊት ይምጣ። ስንት ልጅ ለአንድ ጠባቂ እንደተተወ ያኔ ያየዋል።